ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

አሶሳ ባለው ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ እማማ ሐዋ ቴሌቪዥኑንም ፍሪጁንም በእጃቸው ሥራ አልብሰውታል።

ለኮምፒውተሬ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ባስገባሁ ማግስት፣ በየአሥር ደቂቃው ድርግም ይል ጀመር። ካርዱን የሸጠልኝ ሙሳ ሱቅ ስወስደው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ቤት ስመልሰው ይጠፋል። የተማሪዎቼን ውጤት የማስረክብበት ቀን ደርሶብኝ ስለነበር ደውዬ አምባረቅኩበት።

«አቧራ ይሆናል። ከአቧራ ጠብቁት!» ሲል ድምፁ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው።

ከዚያ ወዲህ ጭራሽ አምስት ደቂቃም አልቆይ አለ። እንደገና ደውዬ «አጭበርባሪ!» አልኩት። ሙሳም ስሙን ሊያድን ቤቴ ድረስ መጣ። ገና ከበሩ ላይ ኮምፒውተሩን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ፤ ዓይኔ ለምዶት እኔ ልብ ያላልኩትን ሦስት ዳንቴል እየገፈፈ ጠረጴዛው ላይ ከመረው።

«ይሄ ካርድ ሲሠራ ይግላል፣ አየር ይፈልጋል! ማነው እንዲህ ያፈነው?»

እማማ ሐዋ ኪሮሻቸውን እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ወላሂ፣ አንተ ነህ! እኔ አንድ ብቻ ነበር ያለበስኩት። ከአቧራ ጠብቁት ስትል ሁለት ጨመርኩ። አራተኛው ገና አላለቀም።»