ከፐርሰንት ምልክቱ ኋላ

ፊደል የቆጠርኩት ሐይቅ ከተማ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። የሳቀብኝ ብዙ ነው። መጻፍ ስችል ደብተር ገዛሁና መረቤ ያወጣውን ቆሮሶ ዓሣ በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካሁ መመዝገብ ጀመርኩ። ዓሣው ከዓመት ዓመት እያጠረ ነው ስል የሚሰማኝ አጥቼ ነው። ስድስት ዓመት ጻፍኩ፤ ርዝመቱን፣ ቀኑን፣ መረቡን የት እንደጣልኩት።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ደብተሬን ጠየቀችኝ። "ጥናቱ ሲታተም ስምዎ ከእኔ ስም ጎን ይገባል" አለች። ሳልጠይቃት ራሷ ናት ያለችው፤ ይህ ይታወቅልኝ። ሰጠኋት።

ባለፈው ክረምት ጽሑፉን ልትጨርስ ቤት መጣች። ኮምፒውተሯ ላይ ላቴክ በሚሉት ነገር ነው የምትሠራው። ከስክሪኑ በግራ በኩል ያለው ትዕዛዝ ነው፤ ርዕሱ ይህ ነው፣ ሠንጠረዡ እዚህ ይጀምር፣ እዚህ ያብቃ እያለች በእንግሊዝኛ ታዛለች። አንድ ቁልፍ ስትጫን በቀኝ በኩል መጽሐፍ የመሰለ ገጽ ይወጣል። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የእንግሊዝኛው ፊደል ስሜን ለመለየት ያህል አይጠፋኝም። በግራ በኩል ስሜ አለ፣ ሦስተኛ። በቀኝ በኩል ያለው የእሷና የመምህሯ ብቻ ነው።

"ይቺ ማሽን እኔን ለይታ ዘለለችኝ እንዴ?" አልኳት።

"ከፊቱ ፐርሰንት አድርጌበት ነው" አለች። "ፐርሰንት ያለበት መስመር አይታተምም። የሚያየው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ግን አልጠፋም አባዬ፣ ይኸው አለ።"

"ማን አድርጊ አለሽ?"

"መምህሬ። ዓሣ አስጋሪ ተመራማሪ ተብሎ አይጻፍም አለኝ። ምስጋናው ላይ 'የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች' ብዬ አስገብቻለሁ።"

"ከእነሱ ውስጥ ሜትር የያዘ አይተሻል? ሲስቁብኝ ነው የከረሙት። ሳቃቸውን ነው የምታመሰግኚው?"

"ደግሞም ስምዎ አለ እኮ! ከእኔ ስም ቀጥሎ ያለው የማን ነው? ፈረንጅ በአባት ስም ነው የሚጠራው። ጥናቱን የሚጠቅስ ሁሉ የእርስዎን ስም ነው የሚጽፈው።"

"እሱማ ስለወለድኩሽ ነው። ለመውለድ ደብተር አያስፈልግም።"

"መምህሬ ካልፈረመልኝ አልመረቅም! ምን ላድርግ?" አለችና እንባዋ መጣ። ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ማሽኑ ፊት ብቻዬን ቀረሁ። ስታደርግ አይቻለሁ፤ ፐርሰንቷን አጠፋሁና ያንን ቁልፍ ተጫንኩ። ስሜ በቀኝ በኩል ወጣ። እንዲያ ጠርቶ ተጽፎ አይቼው አላውቅም፤ መታወቂያዬ ላይ እንኳ ደብዝዟል። እንዲሁ ልተወው አልኩ። ሳታየው ለመምህሯ ብትልከው ግን የልጄን ዲግሪ እኔው በላሁት ማለት ነው። ፐርሰንቷን ልመልስ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሆነልኝም። ከሰው ተደብቄ፣ ልጄ ብቻ አለ አለ እያለችኝ፣ እዚያ ወረቀት ውስጥ መቀመጥ አልፈለግኩም። መስመሩን ከነስሜ ደመሰስኩት።

ስትመለስ አየችው። "አባዬ፣ ምን ነካኩ?"

"የማይታየውን አወጣሁልሽ።"

"እመልሰዋለሁ።"

"እንዲታይ ከሆነ መልሺው።"

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆየ። ከዚያ ያለ ስሜ ላከችው።

በምረቃዋ ቀን መምህሯ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ጎንበስም ብሏል። "እርስዎ ነዎት ለካ አባቷ!" አለኝ።

አዎ፣ አባቷ ነኝ አልኩት። ልጄ አጠገባችን ቆማ መሬት መሬት ታይ ነበር።