ሁዳዴ የጾሙ ዶሮዎች

እናቴ ከገና ወዲህ ምግብ አልበላ ብላኛለች። ሾርባ ሳቀርብላት ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች፤ ዓሣ ስጠብስላት ሽታው አልተስማማኝም ትላለች። ከሱቅ የበረዶ ዶሮ ገዝቼ ስሠራላት ደግሞ አንድ ጊዜ አኝካ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ታስቀምጠዋለች። "ይሄ ውሃ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከባሕር ማዶ በረዶ ሆኖ የመጣ ዶሮ ድስት ውስጥ ውሃውን ሲለቅ ወጡ ይቀጥናል፤ ሥጋውም የተነከረ ጥጥ ነው። ግን እውነቷን መሆኑ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ እያየ እየከሳች ነው። ሐኪሙ "የዕድሜ ነገር ነው" ብሎ ሸኘን፤ እኔም መንገዱን ሁሉ ስነጫነጭ ቤታችን ደረስን። የልጅነቴ ዶሮዎች ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

ያደግሁት በዚሁ በወደብ ከተማችን፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ በቆርቆሮ በታጠረ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ለፋሲካ የሚታረዱትን ዶሮዎች ራሳችን ነበር የምናሳድጋቸው። አባቴ ወደብ ይሠራ ስለነበር አንድ ዓመት ወደ ቤት ሲመለስ ከዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ ጭንቅላትና አንጀት በፌስታል ይዞላቸው ይመጣ ጀመር። ዶሮዎቹ ፌስታሉን ገና ከበር ሲያዩ ግቢውን በጩኸት ይሞሉታል። ታዲያ አስተዳደጋቸው ጉድ ነበር! አባቴ አንዱን አውራ ዶሮ በሁለት እጁ ብድግ ያደርግና "ይሄ በግ ነው እንጂ ዶሮ ነው?" እያለ ለጎረቤት ያሳያል።

እናቴ ሁዳዴን ዓሣ ሳትነካ ነው የምትጾመው። አባቴ ግን "ዓሣ የጾም ነው" ባይ ስለነበር ጾሙን ሙሉ ሲነታረኩ ይከርማሉ። ያን ዓመት ፋሲካ ደረሰ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን መሶቡን ከበብን። እናቴ አንዴ ጎረሰችና ማኘኳን አቆመች። ዶሮ ወጡ ዓሣ ዓሣ ይላል። ቅቤውም በርበሬውም ያ ሁሉ ሽንኩርትም ሊያጠፋው አልቻለም።

"ይሄን ሁሉ ቀን የጾምኩት ዓሣ ልበላ ነው?" አለችና አለቀሰች።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ እየበላ "እኔ ምንም አልሸተተኝም" አለ። ውሸቱን ነው። እኔ እንኳ ነፍስ ያላወቅኩት ልጅ አፍንጫዬን ይዤ ነበር የምውጠው።

በሚቀጥለው ዓመት ልክ በቅበላ ቀን እናቴ አዋጅ አወጣች፤ "ዘንድሮ ዶሮዎቹም ይጾማሉ።" የዓሣ ዘር በበሩ እንዳያልፍ ተከለከለ። ፉርሽካና የደረቀ የባጌት ዳቦ ፍርፋሪ፣ ከዚያ ደግሞ ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን የኑግ አሰር፣ ትቀላቅላለች። በላዩ የኑግ ዘይት ጠብ ጠብ ታደርግና በእጇ ታሸዋለች። ሙቀቱ ሲበረታ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ እንጂ ጥሬ አያምራቸውም፤ ዘይት የነካው መኖ ግን ይጥማቸዋል፣ ጥቂት በልተውም ይበረታሉ። አንድ ቀን አባቴ ቶሎ ይደልቡ ብሎ ዘይቱን አብዝቶ አፈሰሰባቸው። ተቅማጥ ያዛቸውና ግቢው ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ጠረጋው የእሱ ሆነ።

የሐረር ሰው የሆኑት ሙስሊም ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ዶሮ ይጾማል እንዴ? እኛ በረመዳን ፍየሎቻችንን አላስጾምን!"

"የእኔዎቹ ካልጾሙ ወጡ ይሸታል" አለቻቸው እናቴ፣ ምንም ሳትስቅ።

ዶሮዎቹ እንደ ዓሣው ዓመት አልገዘፉም። ሲታረዱ ግን ከቆዳቸው ሥር ስስ ስብ ነበራቸው፤ ሥጋውም ወጡ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሳይበታተን ለስልሶ ወጣ። እናቴ የአባወራውን ድርሻ፣ ፈረሰኛዋን፣ ለአባቴ አወጣችለት። እሷ እንደ ልማዷ አንገቱን ወሰደች። አባቴ ፈረሰኛዋን እስከ አጥንቷ ጨርሶ "በቃ፣ ሁልጊዜ ይጹሙ" አለ። ከዚያ ወዲያ ዶሮዎቻችን ሁዳዴን ገድፈው አያውቁም። ያን ግቢ እንዴት እንደምናፍቀው!

ዘንድሮ በቅበላ ካርቲየ 4 ገበያ ሄጄ ቄብ ዶሮዎች ገዛሁና ሰገነታችን ላይ አሰርኳቸው። በየሱቁ ያለው የሚረጋው ዘይት ነው፤ የኑግ ዘይቱን ከነፋጉሎው ከድሬዳዋ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ለምኜ አስመጣሁ። በየቀኑ መኖውን የማሸው እናቴ ወንበር አጠገብ ነበር፣ እንድታይልኝ። በዓይኗ እጄን ብቻ ትከተላለች። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ጠዋት በቁጣ "ዘይቱ በዛ! ልትገያቸው ነው?" አለችኝ። ተቆጥታኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በፋሲካ ጠዋት ፈረሰኛዋን አውጥቼ እሷ ሳህን ላይ አደረግኳት። አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ ከእንግዲህ የእሷ ድርሻ ናት ብዬ ነው። እናቴ ከወጡ በእንጀራ ጠቅሳ ቀመሰች። ደግማ ጠቀሰች። ከዚያ ፈረሰኛዋን ከሳህኗ አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠችና አንገቱን ከድስቱ ራሷ ፈልጋ አወጣች። አጥንቱ እስኪቀር ጋጠችው። እንጀራ ጨምሪልኝ አለች። ጨመርኩላት፣ እሱንም በላች። እንባዬ እየወረደ ሳህኗን አየሁት፤ ጠርዙ ላይ ያስቀመጠችው ነገር የለም።

"እሜ፣ ፈረሰኛዋንስ?" አልኳት።

"የአባትሽን?" አለችኝ፣ ምን ነካሽ በሚል ዓይን እያየችኝ። "ከወደብ ሲመለስ ይበላታል። ዓሣ አልነካትም በይው።"

"እሺ፣ እነግረዋለሁ" አልኳት፤ ፈረሰኛዋንም ከድኜ አስቀመጥኩለት።