የጋኑ አንገት

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ዳቦ ቤት ጓሮ ሳልፍ ከጭቃ ግድግዳ ብቅ ያለ የጭስ ማውጫ ቧንቧ አየሁና፣ ሳላስበው መዳፌን ከሥሩ አሳረፍሁ።

ነገሩ እኔ ልጅ ሳለሁ በንጉሡ ጊዜ ነው። ጠላ ጠማቂዋ እናቴ ጭስ ዓይኗን ስለጎዳው፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ ፈረንጅ አስተማሪ የብረት ምድጃ ከነቧንቧው ገዛች። አያቴ ግን ቧንቧው የሚያልፍበትን ግድግዳ በገዛ እጃቸው የሠሩት እሳቸው ነበሩና ተቆጡ።

"ግድግዳ የሚሰረስር ሌባ ነው! ደግሞስ የጋለው ብረት እንጨቱን ቢያነደውሳ?"

"አባባ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ፤ እኔ አውቅበታለሁ" አለች እናቴ።

ካሏት ሁለት ጋኖች ደህናውን አነሳች።

"የተሰነጠቀው ሙቀት አይችልም" ብላ የደህናውን አንገት ሰብራ አወጣች። በሁለት ቋሚዎች መካከል ግድግዳውን በስታ ሰካችው፤ ዙሪያውን እኔ ጭድ በገባበት ጭቃ መረግሁት። ቧንቧው በሸክላው ውስጥ አልፎ እንጨት ሳይነካ ወጣ። እሳቱ ሲያያዝ ጭሱ ውጭ ተንጎለጎለ፤ እናቴም ዓይኗን ሳትጠርግ ሳቀች።

አያቴ አላመኑም። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው መዳፋቸውን ጭቃው ላይ ያሳርፉ ነበር።

"አባባ፣ ሞቀ እንዴ?" ትላቸዋለች እናቴ።

"ገና ነው" ይላሉ፤ እጃቸውን ግን አያነሱም።

"እማማ፣ ምን ፈልገው ነው?" አለኝ ዛሬ ዳቦ ጋጋሪው በጓሮው በር ብቅ ብሎ።

"ግድግዳው ሞቆ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

"ታዲያ ሞቀ?"

"ገና ነው" አልሁት።