ሽመላዎቹን ልንቀበል የወጣንበት እሁድ

ልጅ እያለሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ እናቴን የማያውቃት ሰው አልነበረም። ከደሴ ተመድባ የመጣች የሳይንስ መምህርት ነበረች፤ የምትታወቀው ግን በማስተማሯ ብቻ አይደለም። ከገበያ ስንመለስ ድንገት ዘንቢሏን መሬት ላይ ታስቀምጥና ሽቦ ላይ ያረፈች አንዲት ወፍ እስክትነሳ ድረስ አንጋጣ ትቆማለች። የቲማቲሙና የድንብላሉ ሽታ ከዘንቢሉ እየወጣ፣ አላፊ አግዳሚው እየዞረ እያያት፣ እኔ በእፍረት ነጠላዋን እጎትታለሁ። አባቴማ እንደዚያ ቆማ ከሩቅ ካያት መንገድ ይቀይር ነበር።

አባቴ ደምሴ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛ፣ ጫማውን ሳይወለውል ከቤት የማይወጣ፣ ሬዲዮ እንኳ ድምፁን ቀንሶ የሚያዳምጥ ሰው። ማታ ማታ እናቴ በቀን ያየቻቸውን ወፎች አንድ በአንድ ስትነግረው እሱ ዓይኑን ከእራቱ አያነሳም። «እሺ» ይላታል፣ «እሺ»፣ ከዚያ ውሃ ይጠይቃል።

ምርጫው አልፎ ብዙ ወጣት የታሰረበት ዓመት ነበር። ጥቂት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲያወሩ ከታዩ «ምንድን ነው ነገሩ?» የሚል አይጠፋም። በዚያ ዓመት፣ ጤፉ ማዘርዘር ሲጀምር፣ እናቴ ወፍ ማየት የሚወድ ሁሉ እሁድ በማንኩሳ መንገድ ካለው ጨፌ ዳር ይሰብሰብ አለች። ተማሪዎቿ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ጋሽ አበራ፣ ሌላም ደስ ያለው ሁሉ። ምግብ ይዘን ሄደን፣ ሣር ላይ ተቀምጠን፣ አይተን እንመለሳለን፤ ሌላ ምንም የለውም። በትልቅ ወረቀት ጻፈችና በትምህርት ቤቱ በርና በጋሽ አበራ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

«ርቀው የሄዱት እንግዶቻችን ተመልሰው ጨፌው ላይ አርፈዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ፣ አብረን እንቀበላቸው።»

ሽመላ የሚለውን ቃል አውቃ ነው የተወችው፤ ልጆቹ ደርሰው ሲያዩ እንዲደነቁ። ግን ጎጃም ነው፤ እኛ አገር ቃል በቁሙ አይወሰድም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የማይፈልግ የለም። በማግስቱ ወረቀቱ በየቤቱ ተፈታ። ገሚሱ እንግዶቹ ጫካ የገቡት ናቸው አለ፤ ገሚሱ የለም፣ ከአገር የወጡት ናቸው አለ።

አርብ ወደ ማታ ጋሽ አበራ መጣና በር ላይ ቆመ። ይግቡ ቢባል አልገባም።

«እትዬ አልማዝ፣ እሁድ እንኳ ሰርግ አለብኝ። እንዳይቀየሙኝ።»

«ኧረ ምን ቅያሜ አለው፣ መልካም ሰርግ» አለችው እናቴ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አንስቶት እንደነበር ያየነው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

አባቴ እራቱን ገፋ አደረገ። «አልማዝ፣ በሞቴ፣ የትምህርት ቤቱንም አንሺው።»

«ወፍ እኮ ነው፣ ደምሴ!»

«ወፍ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። እነሱ በምን ያውቃሉ?»

«መጥተው ይዩዋ!»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ እንጂ፤ ወፍ ለማየት ግን አልነበረም። እናቴ ለእሁዱ ዕንቁላል እየቀቀለች፣ ቤቱ የተቆላ ገብስ እየሸተተ ሁለት ሰዎች ገቡና «መምህርት፣ ለጥቂት ጥያቄ ይፈለጋሉ» አሏት። ነጠላዋን አጣፋች። «ድስቱን አውርጂው፣ ሰብለ» አለችኝና ወጣች። አባቴ ተከተላት። ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻውን ተመልሶ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«እንግዶቹ እነማን ናቸው ነው የሚሏት» አለኝ። «ሽመላ ናቸው ስትላቸው፣ ሽመላ የማን ስም ነው ይሏታል።»

እንደ ትልቅ ሰው ሲያወራኝ የመጀመሪያው ነበር። ያላለቀስኩት እሱ እንዳያለቅስ ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ ዕንቁላሉንና ቆሎውን ዘንቢል ውስጥ ከተተ። «ተነሽ፣ እንሂድ።»

«የት?»

«እናትሽ ሰው ወደ ጠራችበት።»

«ሰው ይመጣል እንዴ?»

«የመጣ ካለ ባዶ ቦታ እንዳያገኝ።»

መንገዱን በሙሉ እጄን አልለቀቀኝም። ከጨፌው ስንደርስ ከተጠሩት አንድም ሰው የለም። ዳር ላይ ካለው ሾላ ሥር ግን ጠመንጃ የያዙ ሚሊሻዎች ተቀምጠዋል። የሚመሯቸው አያ ውበቱ የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ በየገበያው ማር እያመጡ የሚሸጡልን። ሲያዩን ተነሡ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ደግሞ እርስዎ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«እንግዶቹን ልቀበል» አለ አባቴ።

አንድ ወጣት ሚሊሻ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አባቴ እጁን ወደ ጨፌው ዘረጋ።

«አያ ውበቱ፣ እርስዎም የሚጠብቁት እነሱን አይደል? ያውልዎት።»

በከብቶቹ መሐል ሽመላዎች ይንጎራደዳሉ። ነጭ ናቸው፤ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ እግራቸው ቀይ። አያ ውበቱ እነሱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ መልሰው እነሱን አዩ።

«እነዚህን ነው?»

«እነዚህን ነው። ክረምቱን ሌላ አገር ከርመው መምጣታቸው ነው። ባለቤቴ ለእነዚህ ብላ ታስራ አደረች።»

ወጣቱ ሳቀ። «ምን ያስቅሃል!» ብለው አያ ውበቱ ተቆጡት፤ «የሰው ሚስት ታስራ አድራለች እኮ!»

ከዚያ ሁላችንም ሣሩ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ዕንቁላሉን እየላጠ አደላቸው። ያን ቀን የሰማሁትን እስካሁን ድረስ እንደ ሕልም ነው የማስበው። «ያቺን ቢጫዋን አዩዋት? ጅራቷን የምትወዘውዘውን? እሷም መንገደኛ ናት፣ ባሕር አቋርጣ ነው የምትመጣው» ይላቸዋል። «ያኛው ጎንበስ ያለው ደግሞ የዚሁ አገር ነው፣ ወንዱ ጎጆ ሲሠራ ሣር የምታቀብለው ሴቷ ናት።» እናቴ በእራት ሰዓት የምትነግረውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር። አይሰማም ብዬ የማስበው ሰውዬ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል።

አያ ውበቱ በዚያው ወደ ከተማ ሄደው ያዩትን ተናገሩ። እናቴ ሳምንቱ ሳይጋመስ ተፈታች። ሁለተኛ ያለ ፈቃድ ሰው እንዳትጠራ ተነገራት። የገና ሰሞን ደግሞ ፈረስ ቤት ወደምትባል ራቅ ያለች ከተማ ተዛወረች። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዓመቱን ሙሉ ያየናት በበዓል በበዓል ብቻ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ መንገድ ላይ መቆም ትታለች። አንገቷን ደፍታ ፈጠን ፈጠን ብላ ነው የምትሄደው። አባቴ እንኳ «አልማዝ፣ ያቺን እያት እስቲ» ሲላት «ይመሻል፣ እንሂድ» ትለው ነበር።

አሁን አባቴ የለም። እናቴ ከእኔ ጋር ናት፤ ዓይኗም ደክሟል። ዛሬ ሰው ለመጥራት ወረቀት መለጠፍ አያስፈልግም፣ በስልክ ይጠራል፤ ያም ሆኖ ወዳጆቼን «እንገናኝ» ለማለት እንኳ ቃል እመርጣለሁ። ልጆቼ ስለ እስሯ ሲጠይቋት ወሬ ትለውጣለች። ብቻችንን ስንሆን ግን እንዳዲስ የምትጠይቀኝ ነገር አለ፤ ያን እሁድ እሷ አልነበረችምና።

«ስለ ወፎቹ ነገራቸው አልሽኝ?»

«ነገራቸው፣ እማ።»

«ስለ ቢጫዋም?»

«ስለ ቢጫዋም።»

ነጠላዋን ታስተካክላለች። «እሺ ብቻ ነበር እኮ የሚለኝ» ትላለች።