የጓያው ክፍል

ወልደአረጋይ በሁለት ምርኩዝ ነው የሚሄደው። ደብረ ብርሃን ከገበያው ጀርባ ባለች ትንሽ ሙዚየም በር ላይ ተቀምጦ ትኬት ይቆርጣል። ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። አሁን ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ ሰው ምን እንደሚበላ፣ የበላው ምን እንደሚያደርገው፣ መሬቱም ምን እንደሚሆን ይታይበታል። በአንደኛው ክፍል የገብስ ዘር በየዓይነቱ ተደርድሯል። በሁለተኛው የጨውና የስኳር ጉዳት ተጽፏል፤ ለፈለገ ሰው የደም ግፊት የሚለካበትም አለ። ሦስተኛው «የክፉ ቀን ምግብ» ይባላል። እዚያ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ አንድ እፍኝ ጓያ ተቀምጧል።

ሥራ በጀመረ በስድስተኛው ወር የሙዚየሙ ኃላፊ ማርያማዊት በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ ወልደአረጋይ፣ ቅር ካላለዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እግርዎን የመታዎት ጓያ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጓያ ነው።»

«ሐሙስ የጤና ተማሪዎች ይመጣሉ። ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢነግሯቸው ብዬ ነበር። ከከበደዎት ግን ይቅር።»

«ምን ይከብዳል» አላት።

እውነቱን ነው፤ አልከበደውም። ትውልዱ ሞረት ነው፣ ጥቁር አፈር አገር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ሳለ፣ ስንዴውን በረዶ መታው። በዓመቱ ደግሞ ዝናቡ መሬቱን ሳያጠግብ ቆመ። ምድር ሲሰነጠቅም የሚበቅል ጓያ ብቻ ነውና የተረፈው እሱ ሆነ። ጠዋት የጓያ ቂጣ፣ ቀን የጓያ ንፍሮ፣ ማታ የጓያ ሽሮ። አባቱ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ በቤቱ የነበሩት እናቱ አልታየች፣ እሱና የስድስት ዓመት እህቱ ደመቀች ናቸው። በአራተኛው ወር ከወንዝ ማዶ እንጨት ተሸክሞ ሲመለስ ባቱ ተኮማተረበት። ደክሞኝ ነው አለ። ሲነጋ ጉልበቱ አልዘረጋ አለው፤ እግሮቹ እየተጠላለፉ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይረግጥ ጀመር። ጎረቤቶቹ «ጓያው ሲቀቀል እንፋሎቱ መትቶት ነው» አሉ። ጠበል ተወሰደ። ጤና ጣቢያም ተወሰደ። ሐኪሙ ባቱን በመርፌ ጫፍ ወጋ ሲያደርገው ዘለለ። እግሩ ሁሉም ነገር ይሰማዋል፤ እንቢ ያለው መሄዱን ነው።

«ከእንግዲህ አይመለስም» አለው ሐኪሙ።

ከዚያ ወዲያ ደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ብርድ ልብስ በሚሠራበት ቤት ጠርዝ እየሰፋ ሃያ ስምንት ዓመት ተቀመጠ። ታጭታለት የነበረችው ልጅ ሌላ አገባች። ሲነግሩት «እሰይ» አለ። እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን እያየ ኖረ፣ ያ ቤት እስኪዘጋ ድረስ። ሲዘጋ ወደ ሙዚየሙ ገባ።

ሐሙስ ለተማሪዎቹ ተናገረ። በሳምንቱ ለሌሎች ደገመ፤ ከዚያ ልማድ ሆነ። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ነው። መሀሉ ላይ ሲደርስ «ሁላችንም ከአንድ ማዕድ ነበር የምንበላው፤ እኔን ብቻ መታኝ፤ ዕጣ ነው» ይላል። የሚያለቅስ አይጠፋም። አንዴ አንዲት መምህርት እጁን ይዛ ስታነባ ቆየች። ከዚያ ሁሉ ትዝ የሚለው እጇ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው።

በጥር ደመቀች እናታቸውን ለዓይን ሕክምና ከሞረት አመጣቻት። የአልታየችን ሁለቱንም ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ደመቀች ወረፋ ልትይዝ ስትሄድ እናቷን ወንድሟ ዘንድ ተወቻት። ጎብኚዎች መጥተው ስለነበር ማርያማዊት አሮጊቷን ደግፋ ሦስተኛው ክፍል ጥግ ላይ አስቀመጠቻት።

ወልደአረጋይ በሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ነገሩን ጀመረ። «ሁላችንም ከአንድ ማዕድ ነበር የምንበላው...»

«አይደለም።»

ሰው ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። አልታየች ነጠላዋን አገጯ ሥር ጨብጣ ይዛለች።

«አይደለም ወልዴ። ደመቀች ጓያ አልቀመሰችም። ሦስት ቁና ገብስ በጋን ደብቄ ነበር። አንተ ስትወጣ እየቆላሁ፣ በሶ እየበጠበጥሁ ለሷ ሰጠኋት። ልጅ ናት፣ አትችለውም ብዬ። ወንድ ልጅ ጓያም በልቶ ይቆማል ብዬ።»

ማርያማዊት ወልደአረጋይን አየችው። እሱ ምርኩዙን ብብቱ ሥር አስተካከለ።

«ጓያ የግድ የሚበላ ከሆነ» አለ ወደ ጎብኚዎቹ ተመልሶ፣ «በውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ነው። ብቻውን ወር ሙሉ አይበላም።» ከዚያ እንደ ወትሮው ስለመጡ አመሰገናቸው።

ደመቀች ከወረፋው ሳትመለስ በባጃጅ ወደ ተከራየው ክፍል ሄዱ። ቤት ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ካስቀመጣት በኋላ ነው የጠየቀችው።

«አትቆጣም?»

ወልደአረጋይ ከውስጡ አንድ ነገር ይነሣ እንደሆን ጠበቀ፤ ቁጣም ይሁን ዕንባ። ምንም አልመጣም። ውጭ አንድ ሰው ፍየል እያባረረ ሲያልፍ ሰማ።

«አንቺስ ምን ነበር የምትበዪው?» አላት።

«ካንተ ጋራ ጓያውን።»

«እ።»

«የገብሱን ነገር አውቀህ የተውከኝ ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ይናገረኛል፣ ነገ ይናገረኛል ስል ሠላሳ ዓመት።»

«አላውቅም ነበር እማዬ።»

«አሁንሳ?»

«አሁን አወቅሁ» አለና ጋቢውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ሻይ ጣደ። ሲፈላ ብርጭቆውን እጇ ላይ አስያዛት፤ ትኩስ ነው አላት።

በሦስተኛው ቀን አንደኛው ዓይኗ ታከመ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው። እጇን ዘርግታ ጉልበቱን ዳሰሰችው። ፀጉሩን ብታይ ይሻል ነበር፣ ሸብቷል፣ ብሎ አሰበ፤ ግን አልተናገረም። በማግስቱ መናኸሪያ ሸኛቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከሳምንት በኋላ ትኬት እየቆረጠ ሳለ ደመቀች ደወለች። እናቷ ነግራታለች።

«ጋሼ፣ ገብሱን እኔ ነኝ የበላሁት።»

«ስድስት ዓመትሽ ነበር።»

«ወደኛ ና። ቤት አለ፣ ልጆቹ ይታዘዙሃል። እዚያ ብቻህን ምን ትሠራለህ?»

«ሥራ አለኝ።»

ደመቀች አለቀሰች። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ለቆሙት ሁለት ሰዎች ትኬት ሰጣቸው። ለቅሶዋ ሲበርድ ጠየቃት።

«የዓይኗን ጠብታ በቀን ስንቴ ነው የምታደርጊላት?»

«አራቴ።»

«እጅሽን ታጥበሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

«በሉ ደህና ሁኑ» አለና ስልኩን ዘጋ። ከገበያው በኩል የተማሪ ሰልፍ እየመጣ ነበር።