ነጯ ጊታርና ቀይዋ ጊታር

ጅቡቲ ከተማ ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ይህን የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ሱቆች ይዘጋሉ፣ ታክሲዎች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ ማዕከላዊ ገበያ እንኳ የዕለቱን ጫት ሸጦ ሲያበቃ ድምፁ ይጠፋል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ሰው ፍለጋ የሚወጣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ሞኝ ነው። ሆዳን በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን መጋረጃው ይጋረዳል፣ ቬንትሌተሩ ይከፈታል፤ አባቴ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጊታር እጫወታለሁ። እናቴ ካለፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን።

አባቴ ሙዚቃ የሚያዳምጠው ተኝቶ ነው። እንቅልፉና ዜማው የት ላይ እንደሚገናኙ አላውቅም። ሲነቃ ዓይኑን እያሻሸ «ዛሬ ድሬዳዋ ደርሼ መጣሁ» ይለኛል። በየትኛው ዜማ እንደተሳፈረ አልጠይቀውም። እኔም ብሆን ጣቶቼ እየሄዱ ሐሳቤ ወዲያ የሚልበት፣ ክፍሉ እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ የሚመስለኝ ሰዓት ነው። አንዳንዴ ማናችን እንደተኛን አይለይም።

ጊታር ያስተማሩኝ በዕድሜ የገፉ አንዲት ፈረንሳዊት ናቸው። ብዙ ዘመን እዚህ ኖረው በመጨረሻ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲነሱ ጠሩኝና ሁለት ጊታር አልጋው ላይ አጋደሙልኝ። የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው፤ ከፊታቸው በቀር ልዩነት የላቸውም። ፊት የምለው ክሮቹ የተወጠሩበትን፣ መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለውን ስስ ሳንቃ ነው። ድምፁ የሚወለደው እዚያ ነው። የአንደኛዋ ፊት ስፕሩስ ነው፤ ከብርድ አገር የሚመጣ፣ የጥድ ዘመድ የሆነ ነጣ ያለ እንጨት። የሁለተኛዋ ሴዳር ነው፤ ዝግባ እየተባለ ይተረጎማል እንጂ ከእኛ ዝግባ ጋር አይተዋወቁም። ቀላ ያለ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የድሮ ቁም ሳጥን ሲከፈት የሚሸተውን ይሸታል።

«ስፕሩሷ ዓይን አፋር ናት» አሉኝ። «በተጫወትሽባት መጠን እየተከፈተች ትሄዳለች፤ ግን ዓመታት ትፈልጋለች። ሴዳሯ ከመጀመሪያው ቀን ያላትን ሁሉ ትሰጥሻለች። ሁለቱንም ውሰጃቸውና አብረሻቸው ሰንብቺ። አንዷ ላንቺ ትቀራለች፣ አንዷ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

እውነቱን ለመናገር ወደ ቤት ስመለስ ልቤ ወደ ነጯ አድልቶ ነበር። ድምጿ ጥርት ያለ ነው፤ እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ቆማ ትታያለች። ገና ብዙ ዕድሜ አለኝ፣ ለመጠበቅ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር። አባቴ «ነጯ» እና «ቀይዋ» ብሎ ስም አወጣላቸውና ፍራሹ ላይ ተዘረጋ።

በነጯ ጀመርኩ። ያን ቀን የመረጥኩት ዜማ በቀጭኗ ክር ብቻ ነው የሚጀምረው፤ ረጅም መንገድ ብቻዋን ትሄዳለች፣ ከዚያ ወፍራሞቹ ክሮች ይቀላቀሏታል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በድምጿ ሰክሬ፣ ወፍራሞቹ የሚገቡበት ቦታ ልደርስ ስል ትንፋሽ ወሰድኩ።

«ቃኝተሽ ጨረስሽ?» አለኝ አባቴ።

ሲያላግጥብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። ሰውዬው ማላገጥ ይወዳል። ቀና ብዬ ሳየው ግን ፊቱ ላይ ሳቅ የለም፤ በትዕግሥት እየጠበቀኝ ነው። ወፍራሞቹን ክሮች መታሁ። የእግሩ ጣቶች ወዲያው መወዛወዝ ጀመሩ። ያን ሁሉ በቀጭኗ ክር የሄድኩበትን ዜማ አባቴ አልሰማውም ነበር።

ለካ ቴሌቪዥኑ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ለካ ጨርቅ በሚሸጥበት ሱቁ ውስጥ ሴቶቹ ሲያናግሩት አፋቸውን የሚያየው፣ እኔ ከኋላው ስጠራው የማይዞረው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ጆሮ አለኝ ብዬ የምኮራ ሰው፣ አጠገቤ ያለውን ነገር አልሰማሁም። በዚያች ቅጽበት የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ጆሮው ጨርሶ ሳይዘጋ የምጫወተውን ይስማልኝ።

በማግስቱ ያንኑ ዜማ በቀይዋ ጀመርኩለት። የቀይዋ ቀጭን ክር ቀጭን አይደለችም ማለት ይቻላል፤ ወፈር፣ ሞቅ ያለች ናት። አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» አለ።

«ትሰማታለህ?»

«እንዴት አልሰማም!» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል ልጄ። እንዳታስቢ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንግዲያው ቀይዋን ነው የምወስደው» አልኩ።

ተነስቶ ተቀመጠ። «ወላሂ አትወስጃትም!»

ክርክራችን በዚህ ተጀመረ። መምህሬ ያሉትን በሙሉ ነግሬው ነበርና በራሴው ወሬ ያዘኝ። አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ድሪያና ሽቲ የሚባሉትን የሴቶች ቀሚስ ጨርቆች እየሸጠ ነው። ለሙሽሮች ሲመርጥላቸው በመጀመሪያው ቀን የሚያብረቀርቀውን አይሰጥም፤ ታጥቦ ታጥቦ የሚለሰልሰውን ነው የሚያወጣላቸው። ነጯም እንደዚያ ናት አለ። እሱ ሲያልፍ እኔ እቀራለሁ፣ ጊታሯም ከእኔ ጋር ትከፈታለች፤ ለአንድ ሽማግሌ ጆሮ ተብሎ ያንን መተው ዕብደት ነው። እኔ በበኩሌ ዛሬ የማይሰማው ነገር ነገ ቢያምር ምን ይሠራልኛል እላለሁ። ሁለታችንም ግትር ነን። ምሳ ላይ እንጨቃጨቃለን፣ መጋረጃው ሲጋረድ እንታረቃለን፣ አንድ ቀን በነጯ፣ አንድ ቀን በቀይዋ አስተኛዋለሁ። በነጯ የተኛ ቀን ከእንቅልፉ ሲነሳ ስለ ድሬዳዋ አያወራም።

እየተሸነፍኩ ነበር። አባቴ ሲለምን ከባድ ነው፣ «የአባትነቴን» ሲል ደግሞ ይብሳል። አንድ ጠዋት እሺ ብዬ ነጯን ልወስድ ተስማማሁ። አባቴ ቀይዋን ለመጨረሻ ጊዜ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አገላበጣት።

«ይሄ ቅላት የራሷ ነው ወይስ ቀለም ነው?» አለኝ። መልሴን አልጠበቀም። ጨርቅ የሚፈትነው እንዴት እንደሆነ አገር ያውቃል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ በሁለት ጣቱ ያሸዋል፣ ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቅ ያደርገዋል፤ ጠንካራ እንዲመስል ስታርች የጠጣ ጨርቅ ከሆነ ዱቄት ይወጣዋል። ዓይኑን ጨፈነ። እጄን ዘርግቼ «አባባ!» እስክል ድረስ ጥፍሩ ፊቷ ላይ አረፈ።

ሴዳር ገር እንጨት ነው። ከቀዳዳው አጠገብ አጠር ያለች መስመር ቀረች። አባቴ ዓይኑን ገልጦ አያት፤ በጣቱ ሊያጠፋት ሞከረ፤ አልጠፋችም። ደም ከፊቱ ሸሸ። ያኔ ፊቱን ባላየው ኖሮ ሆን ብሎ ነው ያደረገው እል ነበር፤ ግን እንዲህ የደነገጠ ሰው አያስመስልም።

በእሱ ሱቅ አንድ ሕግ አለ። ጥፍሩን ወይም መቀሱን ጨርቅ ላይ ያሳረፈ ደንበኛ ያንን ጨርቅ ይዞ ይሄዳል። ባለሥልጣን ይሁን ተሸካሚ፣ ልመና የለም። በዚህ ሕግ የተነሳ ከስንቱ ተጣልቷል።

የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከእኔ ጋር መምህሬ ዘንድ ሄደ። በገበያ ፈረንሳይኛው ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው መስመሯን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩና ሳቁ። ምንም አይደለም፣ በእርጥብ ጨርቅና በሙቀት ታብጣ ትነሳለች፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ አሉ።

«የለም ማዳም» አለ አባቴ፣ አንገቱን ደፍቶ። «የነካሁትን እወስዳለሁ።»

እኔ ፊቴ እንዳይታይ መሬት መሬት አየሁ። በደስታ ልጮህ ነበር። ነጯ ከመምህሬ ጋር ባሕር ተሻገረች።

ቀይዋ ቤታችን ከገባች ወራት አልፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀጭኗን ክር በመታሁ ቁጥር ከፍራሹ ላይ «ህም» ይለኝ ነበር። እየቆየ «ህም» ማለቱ ራቀ፣ ከዚያ ቀረ። የቀይዋም ቀጭን ክር ጆሮው ላይ አልደርስ አለች። ቀይዋም ብትሆን አቅሟ እዚያ ድረስ ነበር።

የሙቀቱ ወራት ነፋስ አቧራውን በመስኮቱ ስንጥቅ እያስገባ በነበረበት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ያንኑ ዜማ እጫወት ነበር። አባቴ የተኛ መስሎኝ ነበር። ማንጎራጎር ጀመረ። ድሮ ድሬዳዋ የሰማው ዘፈን ትዝ ብሎት ይሆናል ብዬ አላቆምኩም። ግን የማላውቀው ዘፈን ከጣቶቼ ጋር ይሄዳል፤ ስወርድ ይወርዳል፣ ስቆም ይቆማል። ቆይቶ ነው የገባኝ። የሚያንጎራጉረው የወፍራሞቹን ክሮች መንገድ ነው። እኔ ላይኛው ዜማ እንዳይወድቅ ብቻ በአውራ ጣቴ ስደግፈው የኖርኩትን እሱ ዘፈን አድርጎ ይዞታል፤ መነሻና መድረሻ፣ ናፍቆትም ያለው ሙሉ ዘፈን። የእኔ የላይኛው ዜማ አሁን አይሰማውም። የእሱን ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያምር ነበር። እንባዬ እጄ ላይ እየወረደ ቀጫጭኖቹን ክሮች ተውኳቸውና የእሱን ብቻ ተጫወትኩለት።