ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም

ጋሼ የምንላቸው የእናቴ ወንድም፣ በደብረ ማርቆሱ ግቢያችን መኪና በክሪክ በተነሣ ቁጥር ማንም ዘው ብሎ ከሥሩ እንዲገባ አይፈቅዱም ነበር። ለጎማው ታኮ ያደርጋሉ፤ ከሻንሲው ሥር ሰፋፊ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይደግፋሉ፤ ከዚያ በትከሻቸው ገፋ አድርገው ይፈትሹትና «ግባ» ይላሉ። «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም» ይሉን ነበር።

አንድ ክረምት ወንድሜ ከሥር ተኝቶ ብሎን ሲፈታ ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ። መኪናው ጉማጁ ላይ አረፈ። ጋሼ ወንድሜን ስበው አወጡትና «ተርፈሃል፣ ልጄ» አሉት።

ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባለፈው ሳምንት ያንኑ መኪና አነሣን። ደገፍነው፤ ገፋነው፤ ንቅንቅ አላለም። ወንድሜ ግን አልገባም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ግባ እስኪሉኝ» አለኝ።

«ግባ» የሚለን አልነበረምና ሁለታችንም መፍቻ እንደያዝን ቆመን ቀረን።